ሁለተኛው ማንኪያ

በባልንጀራው ላይ በሐሰት የሚመሰክር የሚናገር አፍ ብቻ አይደለም፤ መናገር ሲገባው የተዘጋ አፍም ይመሰክራል። የተናጋሪውን ሐሰት ሰሚ ሊመረምረው ይችላል፤ የዝምተኛውን ሐሰት ግን ከራሱ ከዝምተኛው በቀር የሚያውቀው ስለሌለ ቅጣቱም የሚጀምረው ከገዛ ቤቱ ነው። የአንድ የሆቴል ምግብ አብሳይ የእሑድ ውሎ ይህንን ያስረዳል።

ሼፉ የሰላጣውን ረጃጅም ቅጠሎች ከግንዳቸው እየገነጠለ በቀዝቃዛ ውኃ ሲነክር ልጁ ከመኝታ ክፍሏ ተጣራች።

“አባዬ! ሰላጣው እየተሠራ ነው ወይስ ገና እየተዘራ?”

“እየታጠበ ነው፣ የኔ እመቤት። ሳያጥብ የሚበላ ፍየል ነው።”

“ከሦስት ሳምንት ሾርባ በኋላ ፍየልነትም ማዕረግ ነው። እንዳለ አምጣው!”

ሼፉ ሳቀ። በዚያ ቤት ሳቅ ከተሰማ ብዙ ቀን ሆኖት ነበር። ልጁ የሃያ ሦስት ዓመት የሕንፃ ንድፍ ተማሪ ስትሆን በአንጀት ትኩሳት ተይዛ ከሞት አፋፍ የተመለሰችው ገና በዚያ ሳምንት ነው። ሐኪሙ ከሆስፒታል ሲያሰናብታት አባትና እናቷን በር ላይ አቁሞ፣ “ትኩሳቱ ለቋታል፤ አንጀቷ ግን ገና ስስ ነው። ያማራትን ትብላ። የተበላሸ ነገር ከገባባት ግን መልሳችሁ ብታመጧትም ምንም ላደርግላት አልችልም” ብሏቸው ነበር። እናቷ የክሊኒክ ነርስ ናትና ይህን ስትሰማ ራሷን ነቀነቀች፤ ሼፉም አብሮ ነቀነቀ።

በዚያ ጠዋት ልጅቱ ከታመመች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የምግብ ስም ጠራች። የጠራችውም ሲዘር ሰላጣ ነው፤ ትምህርት ቤት በሚዘጋበት ቀን አባቷ በገዛ እጁ ይሠራላት የነበረው፣ እርሷም ሳህኑን በዳቦ ጠርጋ የምትመልሰው። እናትየው ተረኛ ስለነበረች በማለዳ ወጥታለች። ቤት ውስጥ አባትና ልጅ ብቻ ቀርተዋል።

ሼፉ የታጠቡትን ቅጠሎች በንጹሕ ፎጣ ጠቅልሎ እርጥበታቸውን አደረቀ፤ እርጥብ ቅጠል ሶስ አይይዝምና። የአደረውን ዳቦ በትንንሹ እኩል አራት ማዕዘን ቈራርጦ ነጭ ሽንኩርት በተነከረበት የወይራ ዘይት መጥበሻው ላይ ወርቃማ እስኪሆን አገላበጠው። ሌላ ነጭ ሽንኩርት ከጨውና በዘይት ከተነከሩት ትንንሽ ጨዋማ ዓሦች ጋር በሙቀጫ ወቀጠ። ይህን ሁሉ ያደረገው በዓይኑና በጣቱ ነው። ዳቦው መብሰሉን ከቀለሙና ከድምፁ፣ ሽንኩርቱ መላሙን ከዘነዘናው ሥር በሚሰማው ልስላሴ ያውቃል። በአፍንጫው ግን አልተጠቀመም፤ አፍንጫው ከሞተ ዐሥራ አራት ወር ሆኖታል።

አንድ ክፉ ጉንፋን ነበር። ጉንፋኑ በሳምንቱ ለቀቀው፤ ሽታን ግን ይዞበት ሄደ። በምላሱ ላይ የቀሩት ጨው፣ ኮምጣጣ፣ ጣፋጭና መራራ ብቻ ናቸው፤ ሥጋ የሚታኘክ ጨርቅ፣ ፍራፍሬም ስኳር የተጨመረበት ውኃ ሆነበት። የሆቴል አብሳይ “አይሸተኝም” ማለቱ ሹፌር “አያይልኝም” እንደማለቱ ነው። ስለዚህ ለማንም አልተናገረም፤ ለሚስቱም ጭምር።

ቀጥሎ ተራው የእንቁላሉ ነበር። በማቀዝቀዣው ውስጥ የቀሩት ሁለት እንቁላሎች ብቻ ናቸው። በሳምንቱ መብራት ለሁለት ቀን ተቋርጦ ማቀዝቀዣው ሞቆ እንደነበረ ያውቃል። እንቁላሎቹን በፈላ ውኃ ውስጥ ለአንድ ደቂቃ ነክሮ አወጣና የመጀመሪያውን በጎድጓዳ ሳህን ጠርዝ ላይ ሰበረው።

ነጩ እንደ ውኃ ፈሰሰ። አስኳሉም እንደ ወትሮው ጉብ ብሎ አልቆመም፤ ተዘርግቶ ተኛ። ሁለተኛውም እንደዚያው ሆነ።

ሼፉ ሳህኑን ወደ መስኮቱ ብርሃን አቀረበው። ዓይን የሚለው አንድ ነገር ነው፦ እንቁላሉ ቆይቷል። የቆየ ሁሉ ግን የተበላሸ አይደለም፤ በሁለቱ መካከል ያለውን ድንበር የሚያውቀው አፍንጫ ብቻ ነው። ሳህኑን ወደ አፍንጫው አስጠግቶ አየር ሳበ። የገባው አየር ብቻ ነበር፤ ከብርጭቆ ላይ እንደሚሳብ፣ ከግድግዳ ላይ እንደሚሳብ አየር።

ማዶ ያለው ሱቅ እሑድ የሚከፈተው ከሰዓት በኋላ ነው። መጠበቅ ይቻል ነበር። ልጁም በዐሥር እርምጃ ርቀት ላይ ተኝታለች፤ “አሽትቺልኝ” ማለት ይበቃ ነበር። ግን አሽትቺልኝ ቢላት ለምን ብላ ትጠይቀዋለች፤ ለምን የተባለ ሰው ደግሞ መቼ ይባላል፤ መቼ የሚለውን ከመለሰ ነገሩ በእንቁላል አያበቃም።

“አባዬ፣ ዝም አልክ እኮ! አንቀላፋህ እንዴ?”

“አስኳል እየለየሁ ነው። ይሄ ሥራ ዝምታ ይፈልጋል።”

“እኔ ደግሞ ምግብ እፈልጋለሁ። የትኛው ይቅደም?”

ሼፉ አስኳሎቹን ከተወቀጠው ሽንኩርትና ዓሣ ጋር ቀላቀለ። ሎሚ ጨመቀ፣ የወይራ ዘይቱን ጠብ ጠብ እያደረገ እየመታ ሶሱን አወፈረው። ሶሱ ነጣ ያለ ቢጫ ሆኖ ከመምቻው ላይ እንደ ክር ተንጠለጠለ። መልኩ እንከን አልነበረበትም። ከዚያም እጁ ሳያዘው፣ ለሃያ ዓመት እንደለመደው፣ ትንሽ ሳህን ከሶሱ ጎን አኖረና በላዩ ሁለት ማንኪያ አጋደመ።

ይህ የሆቴሉ ወጥ ቤት ሥርዐት ነው። ጥሬ እንቁላል የገባበት ሶስ ሁለት ሰው ሳይቀምሰው ወደ አዳራሽ አይወጣም። የቀመሰ ሰው ማንኪያውን በሳህኑ ላይ ይደፋል። የተንጋለለ ማንኪያ “ገና ነው” ማለት ሲሆን የተደፋ ማንኪያ “ተቀምሷል፣ ይውጣ” ማለት ነው። የመጀመሪያው ማንኪያ ለጣዕሙ፣ ሁለተኛው ለደኅንነቱ ነው፤ ሶሱ ሰው ቢጎዳ የሚጠየቀው የሁለተኛው ማንኪያ ባለቤት ነው።

ያ ሁለተኛ ማንኪያ ለብዙ ዘመን የአንዲት ጎልማሳ ሴት ነበር። ቀማሿ ይሏታል። “የጠዋቱ ወተት ማታ የሚኮመጥጥ ከሆነ በጠዋቱ ትሰማዋለች” እየተባለ ይቀለድላት ነበር። ሼፉ አፍንጫው ከሞተ በኋላ አምስት ወር ሙሉ የኖረው በእርሷ ምላስ ነው፤ እርሷ አታውቅም እንጂ። “እስቲ አንቺ በይ” ይላታል፤ እርሷ የምትለውን ሰምቶ የራሱን ማንኪያ ይደፋል።

ከዘጠኝ ወር በፊት፣ ስድሳ እንግዶች ምሳ በሚበሉበት ቀን፣ ቀማሿ ጣቷን በቢላዋ ቈረጠች። “እስክመለስ ሶሱን እንዳትለቁት” ብላ ለመታከም ወጣች። አስተናጋጆቹ በር ላይ ተሰልፈው ይጮኹ ነበር። ሼፉ ሳይቀምስ የራሱን ማንኪያ ደፋ። ቀጥሎ የእርሷን ደፋ። በዚያ ምሽት ዐሥራ አንድ ሰዎች ሆስፒታል ገቡ፤ ከእነርሱም አንድ ሽማግሌ አርባ ቀን ተኝተው ወጡ፣ ያለ ምርኩዝ ግን ዳግመኛ አልሄዱም።

ሥራ አስኪያጁ ሁሉንም ሰብስቦ ጠየቀ። “ሁለተኛው ማንኪያ ተደፍቷል። ያንቺ ነው።”

“እኔ አልቀመስኩም” አለች ቀማሿ፣ የታሰረ ጣቷን ይዛ።

“ታዲያ ማን ደፋው?”

እርሷ አንድ በአንድ አየቻቸው፤ በመጨረሻ ዓይኗ ሼፉ ላይ ዐረፈ። ሼፉ የወለሉን ንጣፍ ተመለከተ። “እኔ” የምትል አንዲት ቃል ትበቃ ነበር። ቃሉ አልወጣም። እርሷ ከሥራ ተባረረች፣ የሙያ ፈቃዷም ተሰረዘ። እርሱ በሁለተኛው ወር የወጥ ቤቱ ኃላፊ ሆነ።

እንግዳው ነገር የጀመረው እርሷ በወጣች በማግሥቱ ነው። ሼፉ ሶስ ሠርቶ ሁለቱን ማንኪያዎች አጋደመና ወደ ምድጃው ዞረ። ሲመለስ ሁለተኛው ማንኪያ ተደፍቷል፤ እርጥብም ነበር። ከአብሳዮቹ አንዱ ቀምሶት ይሆናል ብሎ የራሱን ደፋና ሶሱን ለቀቀ። በማግሥቱም እንዲሁ ሆነ፤ በሠልስቱም። አብሳዮቹ ሁለቱንም ማንኪያ የሚደፋው ሼፉ ራሱ ይመስላቸው ነበር። እርሱ “ማን ቀመሰ?” ብሎ አንድም ቀን አልጠየቀም፤ መልሱን ስለፈራ። በዘጠኝ ወር ውስጥ ማንም ሰው አልታመመም። አንድ ቀን ብቻ ማንኪያው ሳይደፋ ቀረ። ሼፉ ሶሱን በማጠቢያው ገንዳ አፈሰሰው፤ ሳህን የምታጥበዋ ሴትዮም አፍንጫዋን ይዛ፣ “እሰይ ደግ አደረግህ! ምን ነክቶት ነው እንዲህ የከረፋው?” አለችው። ሰው የማይለምደው የለምና ሼፉ ይህንንም ለመደ። ማን እንደሚቀምስለት ሳያውቅ የተቀመሰለትን ይለቅቅ ነበር።

በቤቱ ግን እንዲህ ያለ ነገር ደርሶበት አያውቅም። ስለዚህ ሁለት ማንኪያ ማጋደሙን ሲያስተውል በራሱ ሣቀ። ደረቁን ፎርማጆ ሊፈቀፍቅ ዞረ። አንድ እፍኝ ያህል ፈቅፍቆ ሲመለስ ሁለቱም ማንኪያዎች እንደነበሩ ተንጋለዋል።

የሣቀበትን ነገር እንደጠበቀው የተረዳው ያን ጊዜ ነው።

“ቤት እኮ ነው፤ ማን መጥቶ ይቀምሳል” አለ በልቡ። የራሱን ማንኪያ ሶሱ ውስጥ ነከረ፤ ጨውና ሎሚ ተሰማው፣ ደፋው። ቀጥሎ ሁለተኛውን በሁለት ጣቱ ይዞ፣ በዚያ ቀን እንዳደረገው፣ ደፋው።

ስልኩ ጮኸ። ሚስቱ ነበረች።

“እንዴት አረፈደች?”

“ምግብ ጠይቃለች! ሲዘር ሰላጣ አለችኝ፤ እየሠራሁላት ነው።”

“ተመስገን! ኧረ ቆይ፣ በየትኛው እንቁላል?”

“በማቀዝቀዣው ባለው።”

ከጀርባዋ የሚያለቅስ ሕፃን ይሰማል። “መብራት ጠፍቶ እንደነበረ ረሳኸው? ስማኝ፣ አሽትተኸዋል?”

“አሽትቼዋለሁ።”

“በደንብ?”

“ሴትዮ፣ ሥራዬን ልታስተምሪኝ ነው?”

“እሺ፣ ሼፍ ነህ፤ ምን እልሃለሁ። ሐኪሙ ያለውን ግን አትርሳ። ሰባት ሰዓት ላይ እመጣለሁ።”

ስልኩን ሲያስቀምጥ ከኋላው ትንሽ ድምፅ ሰማ፤ ብረት ሸክላ ሲነካ የሚሰማው ዓይነት። ዞረ። ሁለተኛው ማንኪያ ተንጋሎ ነበር። የራሱ እንደተደፋ ነው።

መስኮቱ ዝግ ነው። በወጥ ቤቱ ውስጥ ከማቀዝቀዣው ጉርምርምታ በቀር የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። የረፋዱ ፀሐይ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግታ ሁሉንም ነገር ግልጽ አድርጋ ታሳያለች፦ ቢላዋውን፣ የሎሚውን ልጣጭ፣ የእንቁላሉን ቅርፊት፣ ማንኪያውንም። ሼፉ ቀስ ብሎ ቀረበ። በማንኪያው ጎድጓዳ ውስጥ የራሱን ፊት አየ፤ ተገልብጦ፣ ግንባሩ ወደ ታች።

“አባዬ፣ ማነው አብሮህ ያለው?”

ሼፉ ደነገጠ። “ማንም የለም። ለምን ጠየቅሽ?”

“ማንኪያ ስታነሡና ስታስቀምጡ ይሰማኛላ። አንዱ እንዳንተ ነው፣ ይጥለዋል። ሌላው ደግሞ ቀስ ብሎ ነው የሚያስቀምጠው።”

“ትኩሳቱ ጆሮሽን ነክቶታል።”

“ሆዴን ነው እንጂ ጆሮዬንማ አልነካውም” ብላ ሣቀች።

ከፍርሃት ቀጥሎ የመጣው ቊጣ ነው። ሆቴል ውስጥ የሚሆነውን ችሎ ኖሯል፤ አሁን ደግሞ በገዛ ቤቱ! ማንኪያውን ይዞ ደፋውና በአመልካች ጣቱ ተጭኖ ቆመ። ብረቱ ሞቀ። ከፀሐይ እንደሚሞቅ አይደለም፤ ገና ከሰው አፍ እንደወጣ ማንኪያ ያለ ለብ ያለ ሙቀት ነው። ከጣቱም ሥር ግፊት ተሰማው፤ ኃይለኛ አይደለም፣ ትዕግሥተኛ ነው፤ ጊዜ እንዳለው ሰው። ሼፉ እጁን እንደተቃጠለ ሰው ሰበሰበ። ማንኪያው ለጥቂት ጊዜ እንደተደፋ ቆየና ቀስ ብሎ፣ ማንም እንደሚያየው ሆኖ፣ በጀርባው ተንጋለለ።

ማድረግ የሚገባው ግልጽ ነበር። ሆቴል ውስጥ አንድ ጊዜ አድርጎታል። እዚህ ግን ሶሱን ቢያፈስሰው ሌላ እንቁላል የለም፤ ለልጁ የሚነግራት ምክንያት ይፈልጋል፤ ለሚስቱም “አሽትቼዋለሁ” ያለውን መመለስ ይኖርበታል። ሐሰት እንደ ድር ነው፤ አንዱን ክር የሳበ ሁሉንም ይስባል። ስለዚህ ሼፉ ለራሱ እንዲህ አለ፦ “ዓይኔ ነው። ሦስት ሳምንት ያልተኛ ሰው የማያየው የለም። እንቁላሉን በፈላ ውኃ ነክሬዋለሁ። ሶሱ ውብ ነው።” ጀርባውን ለማንኪያዎቹ ሰጥቶ ቅጠሎቹን በእጁ ቀደደ፣ ሶሱን አፈሰሰባቸው፣ እያንዳንዱ ቅጠል እስኪቀባ ከሥር ወደ ላይ አገላበጠ፣ የተጠበሰውን ዳቦና የተፈቀፈቀውን ፎርማጆ ነሰነሰ፣ ቁንዶ በርበሬ ፈጨበት። ሳህኑን አንሥቶ ወጣ፤ የወጥ ቤቱን በር በእግሩ ዘጋው።

ልጅቱ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣ ነበር። አጥንቷ ወጥቷል፤ የእጅ አንጓዋ ከሕፃን አንጓ አይበልጥም። ሳህኑን ስታይ ግን ዓይኗ ቦግ አለ።

“እሰይ! አየኸው፣ ቅጠሉ ያብለጨልጫል። አባዬ፣ ትዝ ይልሃል ያኔ እማዬ ‘ይህች ልጅ ሣር በል ናት’ ያለችው?”

“ትዝ ይለኛል።”

“ለምን ነው ላብ ያጠመቀህ?”

“ምድጃው ነው።”

“ሰላጣ በምድጃ?” አለችና ሹካውን ወጋችበት። አንድ ቅጠል፣ ሶሱ የሚንጠባጠብበት፣ ከነዳቦው ተነሣ። የልጅቱ እጅ ከድካም የተነሣ ቀስ እያለ ነበር የሚወጣው፤ ከሳህኑ ወደ አገጯ፣ ከአገጯ ወደ ከንፈሯ።

ከተዘጋው በር ወዲያ፣ ከባዶው ወጥ ቤት፣ ያ ድምፅ መጣ። አንድ ጊዜ። ከዚያ እንደገና። ከዚያ ሳያቋርጥ፣ ማንኪያ በሳህን ላይ፣ በር እንደሚያንኳኳ እንግዳ።

ሹካው ቆመ። “አባዬ” አለች ልጅቱ በሹክሹክታ፣ “ወጥ ቤት ውስጥ ሰው አለ።”

ሼፉ የልጁን ከንፈርና ከከንፈሯ አንድ ጣት ያህል የራቀውን ቅጠል ተመለከተ። አፉን ከፈተ። በመጀመሪያው ቃል አልወጣም፤ በሁለተኛው ወጣ።

“አሽትቺልኝ።”

“ምን?”

“አትብዪው። መጀመሪያ አሽትቺልኝ።”

“አንተ ሼፉ እያለህ እኔ ላሽትልህ?” ልትሥቅ ብላ ፊቱን ስታይ ተወችው።

“እኔ አይሸተኝም፣ ልጄ። ምንም አይሸተኝም።”

ድምፁ ያን ጊዜ አቆመ። ልጅቱ ሹካውን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። መጀመሪያ ነጭ ሽንኩርቱና ሎሚው ደረሳት፣ ቅንድቧ ምንም አላለም። ከዚያ ከእነርሱ ሥር ያለው ሌላው መጣ። ፊቷ ተሸበሸበ፤ ሹካውን ሳህኑ ላይ ጥላ በመዳፏ አፍና አፍንጫዋን ያዘች።

“ውሰደው! እንቁላሉ ገምቷል። አባዬ፣ ውሰደው ከዚህ!”

ሼፉ ሳህኑን ደጅ አውጥቶ በቆሻሻ ማጠራቀሚያው ውስጥ ከነሹካው ጣለው። ሲመለስ ልጅቱ ትራሷ ላይ ተደግፋ ግድግዳውን ታይ ነበር።

“ከመቼ ጀምሮ ነው?”

“ከጉንፋኑ ጀምሮ።”

“ያኛው ጉንፋን? ያ እኮ ከዓመት በላይ ሆነው።” በጣቷ ወራቱን ስታሰላ ሼፉ አየ፤ የት ላይ እንደምትቆምም ዐወቀ። ጣቷ ቆመ። “ሰዎቹ የታመሙ ጊዜ… ቀማሿ የተባረረች ጊዜ፣ ያኔም አይሸትህም ነበር?”

ሼፉ የክፍሉን ወለል ተመለከተ።

“አባዬ፣ ዝም አትበለኝ። የፈለግኸውን በል፣ ዝም ግን አትበለኝ።”

“የእርሷን ማንኪያ የደፋሁት እኔ ነኝ” አለ። “እርሷ አልነበረችም። ሲጠይቋት ቆሜ ሰምቻለሁ።”

ልጅቱ የብርድ ልብሱን ጫፍ በጣቷ ጠቀለለች። ከዚያ፣ “እርሷ እኮ ሆስፒታል መጥታ ጠይቃኛለች” አለች። “አንተ ሥራ ላይ ነበርክ። ‘አባትሽን በርታ በዪው’ አለችኝ። ረስቼው ነው ያልነገርኩህ።”

ሼፉ ወደ ወጥ ቤቱ ሄዶ በሩን ከፈተ። ሁለተኛው ማንኪያ ተንጋሎ፣ ንጹሕና ቀዝቃዛ ሆኖ ተኝቷል። ከጎኑ ያለውን የራሱን ማንኪያ፣ ያለአግባብ የተደፋውን፣ አንሥቶ አንጋለለው። ከዚያም ስልኩን ይዞ የሥራ አስኪያጁን ቊጥር ፈለገ። “እሑድ ነው፤ ነገ ይደርሳል” የሚል አሳብ መጣበት። ደወለ።

ሚስቱ ሰባት ሰዓት ላይ ስትገባ በወጥ ቤቱ ወንበር ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ነገሩን ሁሉ ሰማችው። “‘አሽትቼዋለሁ’ ብለኸኛል” አለችው። ነጠላ ጫማዋን አድርጋ ለልጇ ሾርባ ጣደች።

ሼፉ በማግሥቱ፣ ለምርመራ ከመጠራቱ በፊት፣ ቀማሿን ፈልጎ አገኛት። በአንድ ጠባብ መንገድ ዳር አትክልት ትሸጥ ነበር። ፊት ለፊቷ ቆሞ፣ ዓይኑን ሳይሰብር፣ ያደረገውን ነገራት። ስለ ማንኪያውም ነገራት፤ ዘጠኝ ወር ሙሉ ማን ይቀምስለት እንደነበረ ጠየቃት።

“እኔን ነው የምትጠይቀኝ?” አለች ቀማሿ፣ ካሮት በእጇ እንደያዘች። “እኔ ከወጣሁ ወዲህ በዚያ ሆቴል በር አላለፍኩም። ስለዚያ ወጥ ቤት ላለማሰብ ስንት ታግያለሁ መሰለህ።”

“ታዲያ ማነው፣ እትዬ?”

“እኔ ምን ዐውቄ። ልጅህ በላችው?”

“አልበላችውም።”

“እንኳን።” ካሮቱን አስቀመጠች፤ ለአንድ አፍታ ዓይኗ ረጠበ፣ ከዚያ ደረቀ። “ይቅር በይኝ ልትል ነው የመጣኸው?”

“አዎ።”

“ዛሬ አልችልም። ሐሰት አልነግርህም። ሄደህ ለሆቴሉ የጀመርኸውን ተናግረህ ጨርስ፤ ገበያተኛ ቆሞብኛል፣ ዞር በል።”

ዞር አለ።

ሼፉ ከሥራ ተሰናበተ። የሙያ ፈቃዱ ለዘለቄታው ተሰረዘ። የቀማሿ ፈቃድ ተመለሰላት፤ ሆቴሉም ይቅርታ በጽሑፍ ጠይቆ ወደ ሥራዋ እንድትመለስ ለመናት፣ እርሷ ግን አልተመለሰችም። ፍርድ ቤቱ በቸልተኝነት የሰው አካል በማጉደልና ማስረጃ በማዛባት ጥፋተኛ ነው ብሎ የስድስት ወር እስራት ፈረደበት። ይግባኝ አልጠየቀም።

በእስር ቤቱ ደንብ ከውጭ የሚገባ ምግብ፣ ያመጣው ሰው በዘበኛውና በእስረኛው ፊት ሳይቀምሰው አይሰጥም። ልጁ ጤናዋ ተመልሶላት በየእሑዱ ምሳ ታመጣለታለች። ዘበኛው ክዳኑን ያነሣል፤ ልጅቱ መጀመሪያ ታሸትታለች፣ ከዚያ ትጐርሳለች፣ አኝካ ትውጣለች። ሼፉ በስድስቱ ወር ውስጥ አንድም እሑድ ሳይቀር፣ ከሽቦው ወዲህ ቆሞ፣ ይህን አየ።